ለአማቴ ላም የጋትኩት ጤና አዳም

ሞኝነቴን ልናዘዝ። ደብረ ታቦር ጂኦግራፊ የማስተምር ሰውዬ፣ ሐሙሲት አጠገብ አማቴ ቤት ስደርስ የከብት ሐኪም ሆንኩ።

ክረምት መውጫ ላይ ነው። የአማቴ ላም ጤዛው ያልለቀቀ ሳር ግጣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ማንም ሳይጠይቀኝ "ጤና አዳም አምጡ!" አልኩ። ለአንድ ስኒ ቡና አንዲት ዘለላ ይበቃል፤ እኔ ቁጥቋጦውን ሙሉ ጨፍጭፌ ወቀጥኩና በቢራ ጠርሙስ ሞላሁ። የላሟን አንገት ወደ ሰማይ ቀና አድርጌ ጋትኳት። ግድግዳው ላይ ለጥፋኝ ተወራጨች። ከዚያ ዳገት ለዳገት ስናመላልሳት ሆዷ ጎደለ።

አማቴ እልል አሉ። "መማር ማለት ይሄ ነው! እርጉዝ ላሜን አተረፈልኝ!"

እርጉዝ መሆኗን ያኔ ሰማሁ።

በማግስቱ ለማውቀው የከብት ሐኪም ብነግረው ራሱን ያዘ። "ጤና አዳም ለእርጉዝ? ያስወርዳል እኮ! አንገቷን ቀና አድርገህ ስትግታትም ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።"

"አሁንስ ምን ላድርግ?"

"ጠብቅ። ካሳለች ወይ ደም ካየህ ጥራኝ።"

ጠበቅኩ። በየቅዳሜው ሚስቴን ይዤ በሚኒባስ አማቴ ቤት። "ናፍቀውን ነው" እላለሁ፤ ዓይኔ ግን ከላሟ ጭራ ስር አይነቀልም። ሚስቴ "ንገራቸው" ትለኛለች። እንዴት ብዬ? አማቴ "አማቼ ሐኪም ነው" ብለው አገሩን አዳርሰውታል።

በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ጎረቤት ሆዷ የተነፋ ላም እየጎተቱ መጡ። በሌላ እጃቸው ጠርሙስና ጤና አዳም፣ ከነሥሩ።

"መምህር፣ እንደዚያችኛዋ ያድርጉልኝ። ለመውለድ ወር ነው የቀራት።"

የግቢውን በር አየሁት፤ የጎረቤት ላም ዘግታዋለች።

"አይሆንም!" አልኩ። "ለእርጉዝ አደጋ ነው። ያኔም ሳላውቅ ነው የጋትኩት!"

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። በሞተር ደረሰ፣ ላሟም ተረፈች። ሰው ሲበተን ከአማቴ ጋር ቀረን።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ምኑን? ያን ቀን ሸሚዝህን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? እጅጌው እስከ ብብትህ ጤና አዳም ነበር፤ ላሜ ጉንጭ እንኳ አልደረሳት። ጥጃዋም ትናንት ሆዷ ውስጥ ስትራገጥ በእጄ ዳስሻታለሁ። ዝም ያልኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ስለምታመጣልኝ ነው። ዛሬ ግን ብትግት ኖሮ ጠርሙሱን እራስህ ላይ እሰብረው ነበር።" ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ይልቅ ሸሚዙ ደህና ነው? አላስወረደውም?"