የአንድ እናት ዓሦች በጋርኖ ወንዝ

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከጎንደር መናኸሪያ የእንፍራንዝ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የምሄደው የዓሣ ጫጩቶቼን ልለካ ነው። ነጭ ዓሣ ከሚባለው ዓይነት የሁለት እናቶችን ልጆች በየእናታቸው እኩል ከፍዬ፣ ግማሾቹን ጋርኖ ወንዝ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ፣ ግማሾቹን ታች ፀሐይ በሚያሞቀው ውሃ ውስጥ፣ በመረብ ሣጥን አስቀምጫቸው ነበር። ዓሣ በልጅነቱ የሚፋፋው በዘሩ ነው ወይስ በውሃው? መመረቂያዬ የተንጠለጠለው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ዓሦቹ ዕንቁላል የሚጥሉት በክረምት ስለሆነ፣ ዘንድሮ ካመለጠኝ ለከርሞ ነው።

ማክሰኚት ላይ አንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት እግሬ ሥር ተጫነ። ረዳቱን ብቆጣው፣ "ለጉንፋን መድኃኒት ነው እህቴ፣ በነፃ ነው" ብሎ አላገጠብኝ።

ከወንዙ ዳር

እንፍራንዝ ሽሮዬን በልቼ በእግሬ ወረድኩ። ጥቁሩ አፈር ገና ስላልደረቀ ጫማዬን እየነጠቀ አስቸገረኝ። ሣጥኖቹን የሚጠብቁልኝ ገበሬ፣ አያ ደረሰ፣ ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ሸጋ ሥራ ሠርቸ ጠበቅሁሽ፤ ነይ እይ!"

የላይኞቹ ሣጥኖች ባዶ ናቸው፤ የታችኞቹ ጢም ብለዋል። አያ ደረሰ የላይኞቹን በባልዲ እያመላለሱ ከታችኞቹ ጋር ቀላቅለዋቸዋል።

"ምነው አያ ደረሰ! የቱ ከየት እንደመጣ በምን ልለይ? ልፋቴ ገደል ገባ!" እንባዬ መጣ።

ደነገጡ። "የላይኞቹ ቀጭጨው አየሁና አንጀቴን በሉት። ያንድ እናት ልጅ መለየት ጡር ነው። ደግሞስ የየእናታቸውን ነው ያገናኘሁ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ስለ ወንድማቸው አነሡ። በክፉ ቀን፣ ልጆች ሳሉ፣ እናታቸው ታናሽየውን ደምቢያ ላለች አክስታቸው ሰጠችው። እሱ ወተት ጠግቦ ሎጋ ሆነ፤ እሳቸው እንደቀጨጩ ቀሩ።

"እናታችን ስትሞት ለቀብር መጣ። አላወቅሁትም። 'ሟቿ ምንህ ናት?' ብየ ጠየቅሁት።"

ቁጣዬ በረደ፤ ሐዘኔ ግን አልበረደም። ዘንድሮ አልመረቅም።

"ለከርሞ እንደገና እጀምራለሁ፤ እንዳይነኩብኝ ብቻ" አልኳቸው።

"ቢቀጭጩም አልነካ። ግን ለክተሽ ስትጨርሽ ታገናኛቸዋለሽ?"

በዕቅዴ መሠረት ተለክተው ሲያበቁ፣ ዕድሜያቸው በጆሯቸው ውስጥ ካለች ትንሽ አጥንት እንዲነበብ ሁሉም ይገደላሉ።

"አዎ፣ አገናኛቸዋለሁ" አልኩ። ውሸቴን ነበር።

ወደ ጎንደር

ዘር ይሁን ውሃ፣ አሁንም አላውቅም። አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ፤ መለየት ለእኔ ዘዴ ሲሆን ለሌላው ሰው ቁስል ሊሆን ይችላል። አዘዞን አልፈን ከተማ እስክንገባ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ። የዓሦቹ ዕድሜ እኮ የተፈለፈሉበት ቀን ስለሚታወቅ ያለ አጥንትም ይታወቃል። ቤቴ ገብቼ ጭቃ የጠጣ ጫማዬን ሳልፈታ ለአማካሪዬ ደወልኩና፣ ዓመቱ እንደባከነ፣ የከርሞዎቹ ዓሦችም ተለክተው ሲያበቁ ባንድ ላይ ወደ ወንዙ እንደሚለቀቁ ነገርኳቸው።