ላት የሌላት በግ

ሰርካለም ተቀምጣ ስትጽፍ አይቻት አላውቅም። በአንድ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር፣ ደብተሯን በግራ እጇ ይዛ ከውኃ ቧንቧው እስከ በሩ ስትመላለስ ነው የማያት። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠናባት ጋቢ ትደርባለች እንጂ ወደ ቤት አትገባም።

የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሁለት የልጆች መጽሐፍ አሳትማለች። ሦስተኛው ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ስለጠፋች ግልገልና ስለምትፈልጋት እናቷ ነው። መጠለያ ጣቢያ ላሉት ተፈናቃይ ልጆች፣ «ትምህርት የተከፈተ ዕለት ይዤላችሁ እመጣለሁ» ብላ ቃል ገብታ ነበር።

ማተሚያ ቤት ከመስጠቷ በፊት ለልጆች የማንበብ ልማድ አላት። ሲያዛጉ ያየችበትን ገጽ ትቀደዋለች። ዘንድሮ ግን ተራ ተገኘ ሲሏት ቸኩላ ሰጠች። መጠለያ ጣቢያው ሄዳ ለልጆቹ ያነበበችው ከሰጠች በኋላ፣ ነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ ነው። እኔም ዣንጥላዋን ይዤ አብሬያት ነበርኩ።

ሥዕሉን ገና እንዳሳየቻቸው ሳሌም የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ፣ «ቲቸር፣ ይቺ ውሻ ናት?» አለች።

«በግ ናት።»

«ላቷስ?»

«በዓል ሳይደርስ በልተውባት ነው» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሌላ ልጅ። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሳቃቸው ቆርቆሮውን አናጋው።

እውነትም በጓ ቀጭን ጭራ ተንጠልጥሎባታል። ሠዓሊዋ ህሊና አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ናት፤ ከኢንተርኔት አይታ ነው የሣለቻት። ሰርካለም ሥዕሉ በስልክ ሲላክላት ያየችው የእናቲቱን ዓይን ብቻ ነው። እኔ ግን ጭራውን አይቼ ነበር። የእኛ አገር በግ ላቱ ሰፊ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቆልመም ያለ ነው። የተማረ ሰው የሠራውን እንዴት እነቅፋለሁ ብዬ «ታምራለች» አልኳት።

መንገድ ላይ ይህን ስነግራት ቆም አለች።

«አንቺ እንኳን ሰው ልትነቅፊ ዶሮም እሽ አትይ» አለችና ወደ ማተሚያ ቤቱ እርምጃዋን ጨመረች። ባጃጅ እንያዝ ብላትም አልሰማችኝም።

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ይሁኔ ሊዘጋ ሲል ደረስን።

«እትዬ፣ ሰኞ ጠዋት ማሽን ይገባል» አላት።

«አይግባ።»

«ካወጣሁት ኅዳር ነው የሚደርስዎ። ደግሞ የበግ ጭራ ማን ያየዋል?»

«ልጆች።»

ረቂቁን አውጥቶ ሰጣት። እሷ ግን መለስ ብላ «ሰኞ ጠዋት ነው ያልከኝ?» አለችው። ሁለት ጊዜ ከበር ወጥታ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ቃሏን ማጠፍ ነበር የከበዳት። በሦስተኛው ወረቀቱን ጉያዋ ከትታ ሄደች።

ህሊና ይህን ስትሰማ አፍራ ራሷ መጣች፤ ጣርማ በር ሁለት ቀን በብርድ ቆማ በግ ስትሥል ዋለች። መጽሐፉ ግን አልደረሰም። ትምህርት በተከፈተ ዕለት ሰርካለምን «ቅሪ» ብላት እንቢ ብላ ባዶ እጇን ወደ ልጆቹ ሄደች።

«መጽሐፉን ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው። «በጓ ላት የላትም ስላላችሁኝ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እኛ ስላልን?» አለች ሳሌም።

«እናንተ ስላላችሁ።»

ሳሌም እጇን አነሣች። «እንግዲያው ያኔ ሥዕሉ ላይ ግልገሏም ቀንድ ነበራት። ግልገል ቀንድ አላት እንዴ?»

ሰርካለም እርሳሷን አወጣች። ከኋላ ሌላ እጅ ተነሣ፤ ከጎኑም ሌላ።