ብላ፣ አትፈር

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ምላጭ» ይለዋል። በእጁ እንዳይመስላችሁ፤ እጁስ ለስላሳ ነው፣ በምላሱ ነው። እሱ ግን ስሙን ወዶት፣ በስልኩ ቼዝ ሲጫወት እንኳ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ስልኩን ከመስታወቱ ሥር ከቶንዶሱ አጠገብ አስደግፎ፣ በኢንተርኔት ከማያውቀው ሰው ጋር ይገጥማል። ጨዋታውም ክፉ አልነበረም፣ «ነብር» የሚባል እስኪመጣበት ድረስ።

ነብር ሁልጊዜ ነጩን መርጦ ይጀምርና፣ ገና በሁለተኛው እርምጃ ከንጉሡ ጎን ያለውን ወታደር ወደ ፊት ወርውሮ በነፃ ይሰጣል። ከዚያ በመልእክት መጻፊያው አንዲት ነገር ይጽፋል፦ «ብላ፣ አትፈር።» ምላጭ ይበላል። በነፃ የመጣ ወታደር ማን ይተዋል? የበላትን ላለማስመለስ ሲራኮት ግን የነብር ፈረስና ጳጳስ ተከታትለው ይመጡና ንጉሡን ገና ከመቀመጫው ሳይነሳ አንቀው ይይዙታል። በአሥር ቀን ሰባት ጊዜ! በሰባተኛው ሽንፈት ከመናደዱ የተነሳ የአንዱን ምስኪን ጢም በግራ በኩል አሳጥሮት፣ ለማስተካከል ብሎ ጭራሽ ላጨው። «አንድ ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ» አለ ለይቅርታ ያህል።

በእርግጥ ሰላም የነሳው ቼዙ ብቻ አልነበረም። አማቱ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ፣ አራት ወር ሆኗቸው፣ ከእነሱ ጋር በኋላዋ ክፍል ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሠሩ፣ ኮሽታቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ምላጭ ታዲያ አንድ ቀን ጓሮ ቆሞ ለወንድሙ በስልክ «ቤቱ ጠቦናል፣ መተንፈሻ አጣን እኮ» አለው። የአማቱ መስኮት ክፍት ነበር። በማግስቱ፣ ቅር ያላቸው ሳይመስሉ፣ ቅዳሜ ወደ ትልቋ ልጃቸው እንደሚሄዱ ተናገሩ። ትልቋ የምትኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው እዚያ አንዴ ከወጣ መውረድ የለም።

ሚስቱ «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ ለባሏ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አልወጣትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ምላጭ የሚገባበት ጠፋው። ይቅርታ ሊል ሦስቴ ወደ ኋላዋ ክፍል ሄዶ፣ ሦስቴም ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቆ ተመለሰ። ሰው ሲሸነቁጥ የሚውል ምላስ ያን ጊዜ ዶለዶመ።

ሐሙስ ዕለት አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ ተራ ሲጠብቅ፣ የተሸነፈበትን ጨዋታ ስልኩ ላይ አየለት። «ያንተ ችግር ሆድህ ነው» አለው። መብላቱ ክፋት እንደሌለው፣ ክፉው የበሉትን ሙጭጭ ብሎ መያዝ እንደሆነ፣ በጊዜ አንድ ወታደር መሃል ላይ መልሶ ቢሰጥ ግን መንገዱ ሁሉ እንደሚከፈትለት አስረዳው። ምላጭ አንዴ የእጄ ያልኩትን አልመልስም ብሎ ተከራከረ። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ወንበሩ ላይ ወጣ።

ዓርብ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ዕቃ ማሰሩን ሊያግዝ ወደ ቤት መጣ። ሚስቱ ከሥራ አልተመለሰችም። ሻንጣው ግን ታስሮ ከአማቱ በር ውጭ ቆሟል። መግባቱ ስለከበደው አጠገቡ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስልኩን ከፈተ። ነብር እየጠበቀው ነበር። ወታደሯ ተወረወረች፤ «ብላ፣ አትፈር።» በላ። ቀጥሎ ግን ጥርሱን ነክሶ የራሱን ወታደር መሃል ላይ ገፍቶ ሰጠ። ጣቱን ሲያነሳ ከበሩ ወዲያ «ጢን» የሚል ድምፅ ሰማ። ፈረሱን አወጣ፤ «ጢን»። ጳጳሱን አወጣ፤ «ጢን»።

ስልኩን ዝቅ አድርጎ በሩን አየ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሚስቱን ሊያገባ ሲያስብ፣ መጀመሪያ ቤታቸው የሄደ ዕለት ሳህኑን ሳይነካ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኚሁ ሴት ናቸው ጎንበስ ብለው «ብላ፣ አትፈር። ቤትህ ነው» ያሉት። ብላ አትፈር የማይል ሰው የለምና ረስቶት ኖሯል። ቤትህ ነው ያሉትን ሴት ነው እንግዲህ ቤት ጠበበኝ ብሎ ያስወጣው። አፈረ፤ በጣም አፈረ።

በሩን አንኳኩቶ ገባ። አማቱ ትራስ ተደግፈው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ፣ የልጃቸውን አሮጌ ስልክ ይዘዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተማሪውን በቼዝ ሲያስለቅሱ እንደኖሩ አንድም ቀን ጠይቋቸው አያውቅም። «ምላጭ» የሚለውን ስም ፈልገው ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ፊት ለፊት የማያናግራቸውን አማች በዚህ በኩል ሊያዋሩት።

«እማማ፣ የበላሁትን መለስኩ» አለ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ወታደሩን አይቻለሁ። ጥሩ ነው» አሉ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ። «ሰዓትህ ግን እየሄደ ነው።»

«ይሂድ። እርስዎ ብቻ አይሂዱ።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ቤቱ አልጠበበም፣ አፌ ነው የሰፋው። ቤትዎ ነው።»

አማቱ ቀና ብለው አዩት። ምላጭም ቆመ፤ መልስ እስኪያገኝ ላይነቃነቅ ቆርጦ ነበር። እንዲህ ሲተያዩ የምላጭ ሰዓት አለቀና ያሸነፈው የመሰለውን ጨዋታ ለስምንተኛ ጊዜ ተሸነፈ። አማቱ ስልኩን አዩ፣ እሱን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ሻንጣውን ፍታልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሹራቤ ከታች ነው፣ በርዶኛል።»

ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ባዶ ሻንጣ አገኘች። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል፣ እናቷ ሹራባቸውን ለብሰው ጣታቸውን ስልካቸው ላይ አሳርፈዋል። አዲስ ጨዋታ ነው፣ ሁለተኛው እርምጃ። መልእክት መጻፍ አላስፈለጋቸውም፤ በአፋቸው ነገሩት።

«ብላ፣ አትፈር።»