እህቴና የድምፅ መቅጃው ቴፕ

ታናሽ እህቴ የሰማችውን ሁሉ ትደግማለች፤ ከራሷ አፍልቃ ግን አንድም ነገር አትናገርም ነበር። ሲጠማት «ውሃ ልስጥሽ?» ትላለች፣ በእናቴ ድምፅ፣ የእናቴን ቁጣ እንኳ ሳታስቀር። ዛሬ ኦቲዝም ይሉታል። ያኔ በደርግ ጊዜ፣ እኛ ሰፈር ስም አልነበረውም። እንግዳ ሲመጣ ጭጭ ስለምትል «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» እያሉ ይመርቋታል። ወንድ ልጅ እንዲያ ዝም ቢል አገር ይታመስ ነበር። ሴት ስትሆን ግን ዝምታው ሙያ ሆኖ ተቆጠረላት። እኔን ያበግነኛል።

አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ አንዲት ተመራማሪ ሐዋሳ መጣች። ንግግር ያስቸገራቸውን ልጆች ድምፅ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በቴፕ ትቀዳለች፤ ለተቀዱትም ልጆች መስከረም ላይ የንግግር ማስተማሪያ ክፍል ይከፈትላቸዋል ተባለ። ትምህርት ቤት እህቴን አልቀበልም ብሎ ስለነበር፣ ከዚያ ክፍል ካልገባች ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

እናቴ እምቢ አለች። ምክንያት ነበራት። ጴንጤዎች ነን፤ ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ስላሸገው የምንጸልየው ቤት ውስጥ፣ ተደብቀን ነው።

«ይቺ ልጅ የሰማችውን ነው የምትለው። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ጸሎታችንን ብትዘረግፈውስ? አባትሽን ልታሳስሪው ነው?»

«እማዬ፣ ሰው ፊት መቼ ተናግራ ታውቃለች?»

«እንግዲያ ምን ልትሠራ ትሄዳለች?»

የእህቴን እጅ ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ግትር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። እናቴም እያጉረመረመች ነጠላዋን ደርባ ተከተለችን።

አዳራሹ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ቤታቸው አማርኛ የሚነገር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች። ከሲዳማ ቤት የመጣነው እኛ ብቻ ነን።

«ሴቶቹ ደህና ናቸው ማለት ነው» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«ሴቶቹማ ጨዋ ተብለው ቤት ቀርተዋል» አልኳት።

ተመራማሪዋ ቴፑን ከፍታ ለእህቴ የባቡር ሥዕል አሳየቻት። «ይሄ ምንድን ነው?» እህቴ ጭጭ። ሌላ ሥዕል፣ አሁንም ጭጭ።

ተመራማሪዋ «ዓይን አፋር ናት እንጂ ምንም አልሆነች» ብላ ቴፑን ልትዘጋ እጇን ስትሰድ ደሜ ፈላ።

«አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው! ባቡርም በዓይኗ አይታ አታውቅም!»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «እውነትሽን ነው። እኔ ግን ሲዳምኛ አልችልም» አለችና የቀበሌውን ጸሐፊ አስጠራችው። ጸሐፊው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ሲዳማ ነው። እናቴ በዓለም ላይ የምትፈራው ሰው ቢኖር እሱ ነበር። እጄን ያዘችኝ።

ጸሐፊው እህቴ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ በሲዳምኛ፣ ለልጅ በሚሆን ድምፅ ጠየቃት፤ «እናትሽ ስታስተኛሽ ምን ትልሻለች?»

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። እጆቿን ዘረጋች። ከዚያ በእናቴ ድምፅ፣ በሲዳምኛ፣ «አባት ሆይ፣ የልጄን አፍ ክፈትልኝ። የልቧን ትንገረኝ። ሌላ አልለምንህም» አለች። ቀጥላም በአባቴ ወፍራም ድምፅ «አሜን!» ብላ ጨረሰች።

እናቴ ደርቃ ቀረች። ቴፑ ይዞራል።

«ምን አለች?» አለች ተመራማሪዋ፣ ፊቷ በርቶ።

ጸሐፊው እናቴን አያት። ከዚያ በአማርኛ «መናገር አስተምሩኝ ነው የምትለው» አለ።

«እንግዲያው እናስተምራታለን!» አለች ሴትዮዋ። እናቴንም «እርስዎ ራስዎ መስከረም ላይ ይዘዋት ይምጡ» አለቻት። እኔ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ጸሐፊውን ያን ዕለት ወደድኩት፤ እስከ ዛሬም እንደወደድኩት ነው።

ከአዳራሹ እንደወጣን እናቴ መንገድ ዳር ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። የፍርሃት መስሎኝ «አለፈ እኮ እማዬ፣ ምንም አይመጣም» አልኳት። እሷ ግን እህቴን አቅፋ፣ እያለቀሰች ትስቃለች።

«ተኝታለች ብዬ ነበር እኮ የምጸልየው» አለችኝ።