በበርበሬ መጋዘን የተለቀሰላት ተዋናይ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቴሌቪዥኑን ከፍቶብኝ ወጣ። ለእኔ አስቦ አይደለም፤ መዝጋት ስለማይወድ ነው። ልዘጋው ተነስቼ ስሄድ፣ ተጀምረው ስላልተጨረሱ ፊልሞች የሚያወራ ፕሮግራም ላይ አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ ሆቴል በር ላይ ቆማ አየሁ። ዞር አለችና ፊት ለፊት አየችኝ። አወቅኋት። ስሟን አልጠራም፤ በእኔ ዘመን ለነበረ ሰው አሜሪካዊት ኮሜዲያን ብሎ መጠቆም ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ መዋል አቃተኝ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ስንጎራደድ ዋልኩ። እንዲህ መቀመጫ ስታሳጣኝ ደግሞ የመጀመሪያዋ አይደለም።

የጃንሆይ ዘመን ወደ ማለቂያው ነበር። የዚያን ዓመት መስቀል ቡታጅራ እኔን አልቻለችኝም፣ እኔም እሷን አልቻልኳትም። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። በእኛ ትምህርት ቤት ከዚያ በላይ ስላልነበረ ዘጠነኛ የሚገባው አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ነው፤ እሱም ወንድ ከሆነ። ለእኔ የታሰበው ሌላ ነበር። ወልቂጤ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ «ለመስቀል ኑና ቁርጡን እንነጋገር» ብሎ ቀጥሯቸዋል። ሰውየው ደግ ነው ይሉ ነበር። ደግ ቢሆንስ? እኔ የፈለግሁት ዘጠነኛ ክፍልን ነው!

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና አልደረቀም። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶቻችን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው እየሳቁ ይገባሉ። በየደጁ በሬ ታርዷል፤ በየቤቱ ቅቤ ይነጠራል፤ ቆጮው ተጋግሮ በኮባ ቅጠል ላይ ይደረደራል። በዓመት አንዴ ሆድ የሚጠግብበት ሳምንት ነው። የእኔ ልብ ግን እዚያ አልነበረም። ጎመን ስከትፍ ጣቴን ቆረጥኩ፤ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ እንስራውን ረስቼ ተመለስኩ። እናቴ አየት አድርጋኝ «እግረ ቀላል፣ መቀመጫ የለሽም» ትላለች።

ከመጡት ዘመዶች መካከል የአክስቴ ልጅ ደምሴ ነበረ። አዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነው። የዚያን ዓመት በጭነት መኪና ማሽኑንም ጄነሬተሩንም ጭኖ መጣ፤ «የአገሬ ሰው ሲኒማ ሳያይ አይሞትም» ብሎ። የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ሙዘሚል መጋዘናቸውን ሰጡት። የዓምናው በርበሬ ተሽጦ የዘንድሮው ገና ስላልደረሰ መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ አቧራው ግን የትም አልሄደም። ደምሴ ማሽኑን እንጂ እንግሊዝኛውን አያውቅምና «አንቺ ተርጉሚልን» አለኝ። አባቴም ፈቀደ። ከወልቂጤ የመጡት ሽማግሌዎች እንግዳ ሆነው አብረውን ነበሩ፤ የሴት ልጁን ትምህርት እንዲያዩለት ፈልጓል። ለሙሽራ እውቀቷ ዋጋ ይጨምርላታል ብሎ ይሆናል።

ከቀትር በኋላ መስኮቱ በጆንያ ተደፈነ። ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ ተቀመጡ። ፊልሙ ሳይጀመር ሰው ሁሉ አስነጠሰ፤ ካስነጠሰ በኋላ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ለፊልሙ ከተሰቀለው ነጭ አንሶላ አጠገብ ቆሜ የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን እፈጥራለሁ። ተዋናይዋ ሆቴል ውስጥ ስልክ የምታገናኝ ሠራተኛ ናት፤ ሰዎቹ ደግሞ የአንድ ሀብታም ሚስት ናት ብለው ተሳስተው እጅ ይነሷታል። እሷም እመቤት ልሁን ብላ ስትቀማጠል ሾርባውን ጭኗ ላይ ትደፋለች፣ የሰው ባርኔጣ ላይ ትቀመጣለች። መጋዘኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ወንድ ባለበት ጥርሷን የማታሳየው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመጨረሻ ሻንጣዋን አንስታ የሆቴሉ በር ላይ ቆመች። ከውስጥ አንድ ሰው ይጠራታል፣ ከውጭ መኪና ይጠብቃታል። ዞረችና ወደ እኛ አየች። ከንፈሯን ከፈተች። አንሶላው ነጭ ሆነ።

«ቀጥል እንጂ!» ተብሎ ተጮኸ። ደምሴ ግራ ገብቶት ማሽኑን ይነካካል። ከማሽኑ የአንድ ሰው ድምፅ ቀስ ብሎ ይናገር ነበር፤ እሱን ግን በደንብ ሰማሁት። እንደወረደ ተረጎምኩት።

«ልጅቷ ሞታለች። ፊልሙን ሳትጨርስ ሞተች። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው አሁን ነው።»

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ሳይነጋ ተሂዶ፣ ባለቤቱ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ ጥርሱን ከፍቶ ለሚስቅ ሕዝብ፣ በዚያ ላይ ሴት ልጅ ሆኜ፣ ቆሜ ነገርኩት። ሐጂ ሙዘሚል «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ተነሱ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ለካ በሙት ሲስቁ ነው የዋሉት። ያኔ ነው እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ «ወየው ልጄን!» ያለችው። ሴቶቹ ተቀበሏት።

አባቴ ለሽማግሌዎቹ «በርበሬው ነው፣ በርበሬው ነው» እያለ ወደ እናቴ ሄደ።

«አንቺ ሴት፣ ይህች ፈረንጅ ምናችን ናት?»

«መርዶዋ ከልጄ አፍ ነው የወጣው። መርዶው ከወጣበት ቤት ሌላ ለቅሶው የት ይቀመጥ?»

ለቅሶው ከመጋዘኑ ወጥቶ በጭቃው መንገድ ወደ ቤታችን ተጓዘ። መንገድ ላይ ያገኙን ሰዎች ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ እያለቀሱ ተከተሉን። የሽማግሌዎቹ አለቃ ደጃችን ላይ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። «ሐዘን የተቀመጠበት ቤት የጋብቻ ነገር አናነሳም። ሰልስቱ ይውጣና እንመለሳለን» አሉ። በማግስቱ አባቴ ጠዋት ማልዶ፣ ወግ ነውና እንግዶቹን ወደሚያርፉበት ዘመድ ቤት ሊሸኝ አብሯቸው ሄደ።

እሱ ከዓይን ሲጠፋ ደምሴ መኪናውን አስነሳ። እናቴ ከለቀስተኛው መካከል ወጥታ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ሰጠችኝ።

«ከደምሴ ጋር ሂጂ። አባትሽን ለእኔ ተዪው።»

«ቢቆጣሽስ?»

«ሐዘንተኛ ላይ ማን ይቆጣል? ሂጂ አልኩሽ!»

ሄድኩ። ዘጠነኛ ገባሁ፣ ቆይቶም አስተማሪ ሆንኩ። አባቴ ከአንድ መስቀል እስከ ሌላው መስቀል ስሜን አልጠራም፤ ኋላ ግን «የእኔ አስተማሪ» እያለ ለሰው ያስተዋውቀኝ ጀመር። ያቺ ተዋናይ በሰልስቷ ንፍሮ ተቀቅሎላታል። በአገሯ እንዲህ የተለቀሰላት አይመስለኝም።

ለብዙ ዓመት እናቴን ለሰው እያወራሁ ሳደንቃት ኖርኩ። እንዴት ያለች ብልህ፣ ሽማግሌውን ሁሉ በለቅሶ ያታለለች! አንድ ቀን ልጠይቃት ደፈርኩ።

«እማዬ፣ ያኔ እኔን ለማስመለጥ ነው አይደል ያለቀስሽው?»

«እኔ ምን ተንኮል አውቃለሁ» አለች። የምትፈትለውን ጥጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ስትዞር አንቺን መሰለችኝ። እንደምትሄጂ ያኔ አወቅሁ፤ አንቺን መላኩማ በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው። ልጅ ሞተ ሲባል ጎረቤት ይመጣል። ልጄ ሄደች ብል ማን ያስተዛዝነኛል? ለቅሶ አገኘሁ፣ አለቀስኩ።»

ከዚያ ወዲህ ብልህነቷን ለሰው አውርቼ አላውቅም።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆኗል። እኔ ዛሬ በሰፈራችን ዕድር ውስጥ በለቅሶ የታወቅሁ ነኝ። ስሙን በቅጡ ለማላውቀው ሰው ከቤተሰቡ ብሼ የማነባበት ጊዜ አለ። ጎረቤቶቼ «እንዴት ያለች አዛኝ ናት» ይላሉ፤ እኔም አላርማቸውም። የማለቅሰው ግን ጭነት መኪናው ሲነሳ ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ከኋላዋ ትታ፣ ደጃፍ ላይ ብቻዋን ለቆመችው ሴት ነው።