የመሣሪያ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው የወይራ ዘይት

ባለቤቱ ደረጃ መሃል ላይ ቆም ማለት ጀመረች። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ አንድ እጇን ከብረቱ መደገፊያ፣ ሌላውን ደረቷ ላይ ታደርግና የጎረቤት በር የምታይ ትመስላለች። ባሏ «ምነው?» ሲላት «ቀለሙን እያየሁ ነው፤ የእኛም በር እንዲህ ቢቀባ» ትለዋለች። ለጥቂት ቀን አመናት። በኋላ ግን የጎረቤቱ በር ጭራሽ ቀለም ያልነካው ጥሬ እንጨት መሆኑን ልብ አለ።

ሥራው ቧንቧ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ቧንቧ» ይለዋል፤ ስሙን ከነአባቱ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ሌላው ሠራተኛ «ግድግዳ ካልፈረሰ አይሆንም» ብሎ የሸሸውን መስመር እሱ በሽቦና በትዕግሥት ይከፍተዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ለባለቤቱ «የልብዎ ደም ስሮች ጠበዋል» ብሎ ሲነግራት፣ ከፍርሃቱ ሥር አንድ ዓይነት መተማመን ተሰማው። የተደፈነ ነገር መክፈት ያውቅበታል።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። የባልየውን ሥራ ጠይቆ ወረቀት ላይ ቧንቧ ሣለለት፤ ውስጡን በእርሳስ እያጠቆረ ጠባብ መተላለፊያ አስቀረ። ከዚያ ምክሩን ሰጠ። ኮሌስትሮል የሚባለውን የደም ቅባት የሚቀንሰው ክኒን በየቀኑ ሳይቋረጥ ይዋጥ፤ ምግብ ሲሠራ የሚረጋው ዘይትና ቅቤ ቀርቶ ፈሳሽ ዘይት፣ ቢገኝ የወይራ ዘይት ይሁን፤ ቀስ እያሉ በእግር መሄድም ይልመዱ።

እዚህ ላይ ለቧንቧ ሠራተኛ ዘይት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የዛገ መገጣጠሚያን በመፍቻ ብቻ ቢታገሉት የሚጠብቅበት ክር ይበላል። ዋናው ብልሃት ዘይት ጠብ አድርጎ መተው ነው። ሌላ ሥራ ሠርተህ ስትመለስ ዘይቱ በክሩ መሃል ሰርጎ፣ ዝገቱን አላልቶ፣ ያ እምቢተኛ መገጣጠሚያ በባዶ እጅ ይዞራል። ይህን ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ የኖረ ሰው፣ ያን ሥዕል እያየ «የወይራ ዘይት» ሲባል ቢሰማ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም።

ዘይቱን ገዛ። ጠርሙሱ ግን ወጥ ቤት አልገባም። እንደ መድኃኒት ስለቆጠረው ከመፍቻዎቹ ጋር የመሣሪያ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ በስኒ ለክቶ ይሰጣታል። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው።

«አንተ ሰው፣ ከመኪናዬ ጋር አምታታኸኝ እንዴ? እሷ እንኳ በየቀኑ አትቀባም።»

«ጠጪው ባክሽ። ከውስጥ ያላላል።»

«ምኔን? ምላሴን?»

«ምላስሽማ መች ዝጎ ያውቃል።»

እየሳቀች አፍንጫዋን ይዛ ትጠጣዋለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ድንቹን እንደ ወትሮው በሚረጋው ዘይት ትጠብሳለች። የወይራውማ ለድንች አይባክንም።

ክኒኑ ደግሞ ጡንቻዋን አሳመማት። ይህ የሚያጋጥማቸው ሰዎች አሉ፤ ለሐኪሙ ቢነገረው ዓይነቱን ወይም መጠኑን ሊቀይርላት ይችል ነበር። አልነገሩትም። ክኒኑን ተወችው። የጡንቻው ሕመም ለቀቃት፣ እንቅልፏ ተመለሰ፤ ባልና ሚስቱም «ዘይቱ ሠራ» ተባባሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፣ ለብቻዋ ትኖራለች። ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር «እማዬ፣ ክኒንሽን ትውጫለሽ?» ትላለች። አንድ ቀን አባቷ ቀድሞ መለሰላት።

«የእናትሽን ነገር ለእኔ ተይው።»

ተወችለት።

ከሥራ ሲመለስ የስፌት መኪናው ድምፅ ደረጃው ላይ ይቀበለው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልተቀበለውም። መኪናው ላይ ደፋ ብላ አገኛት። የልጅ ዩኒፎርም እጅጌ መርፌው ሥር እንደተያዘ ነበር። ሰዎች መጥተው እሷን ካነሷት በኋላ ያን እጅጌ ከመርፌው ሊያላቅቅ ሞከረ፤ ስንቱን የዛገ ብረት የፈታ እጅ ለዚያች ቀጭን መርፌ እምቢ አለው።

ከቀብሩ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሄደ። ለጠብ አልነበረም። «ዘይቱ ለምን አልከፈተውም?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

መልሱን ቀስ ብለን እንከተለው፤ ነገሩ በራሱ ድንቅ ነውና። የቧንቧ ግድግዳ በድን ብረት ነው። ቆሻሻው የሚለጠፈው ላዩ ላይ ስለሆነ ይፋቃል፣ ይታጠባል። የደም ስር ግድግዳ ግን ሕያው ሥጋ ነው። ስቡ የውስጥ ልባሱን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ሰውነት ሊከላከለው ሲታገል ቦታው ያብጣል፤ በላዩም ሽፋን ያበጃል። አንድ ቀን ያ ሽፋን ይቀደዳል። ደሙ የቆሰለ ቦታ ያገኘ ይመስለውና ሊደፍነው ይረጋበታል፤ ልብን ድንገት የሚያፍናት ይህ ነው። በስኒ የተጠጣው ዘይት ደግሞ እንዳለ ፈስሶ ደም ስር አያጥብም። አንጀት ይፈጨዋል፤ ሰውነትም እንደ ማንኛውም ምግብ ይጠቀምበታል።

ታዲያ ሐኪሙ ለምን የወይራ ዘይት አለ? ጥቅሙ እውነት ስለሆነ ነው። በሚረጋው ስብ ምትክ ሲበላ፣ ጉበት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ አብዝቶ ያነሳል፤ ወደ ግድግዳው የሚሰርገውም ይቀንሳል። ያውም በጊዜ ብዛት፣ ክኒን ለታዘዘለትም ከክኒኑ ጋር። ቁም ነገሩ ያለው ምትክ መሆኑ ላይ ነው። የሚረጋው ድስቱ ውስጥ እያለ የወይራውን በስኒ መደረብ ግን በስብ ላይ ስብ መጨመር ነው።

ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ራሱን በእጁ ያዘ። «ምነው ያን ሥዕል ባልሣልኩልዎ።»

«ሥዕሉስ ጥሩ ነበር» አለው ቧንቧ ሠራተኛው።

ልጅቷም ደሟን ተመረመረች። እንደ እናቷ ኮሌስትሮሏ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በዘር የሚወርድበት ጊዜም አለ። ለእሷም ክኒን ታዘዘላት። አባቷ ይህን ሲሰማ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ጠርሙሱን ምድጃው አጠገብ አኖረው፣ የሚረጋውን ዘይት ጣለ፣ በስተርጅና ምግብ ማብሰል ተማረ። ምስር በካሮት ይሠራል። ካሮቱን ቧንቧ እንደሚቆርጥ እኩል እኩል ይቆርጥና፣ እጁ ስለለመደ የእያንዳንዱን ጠርዝ በቢላ ያለሰልሳል። በሳህን ከድኖ ለልጁ እንዲሰጥለት ለትምህርት ቤቷ ዘበኛ ያስረክባል። በማግሥቱ ሳህኑ ታጥቦ ይመለስለታል።

«በላች?»

«ይኸው ባዶውን መጣልዎ እኮ፣ ጋሼ። ደግሞ ለእኔስ መቼ ነው?»

ለዘበኛውም ማምጣት ጀመረ።

አንድ ቀን ልጁ ደወለች። «አባዬ፣ የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ተደፍኗል። ሌላ ሰው ልጥራ?»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለና መሣሪያውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ማጠቢያው ሥር ተንበርክኮ ባልዲ ደቀነ፤ ጠማማውን ቱቦ ፈታ። መጀመሪያ የተጓጎለ ምስር ወጣ። ቀጥሎ ካሮት፤ እኩል እኩል የተቆረጠ፣ ጠርዙ የለሰለሰ።

ቀና አላለም። ልጁ በሩ ላይ ቆማለች።

«አየኸው» አለች።

«አየሁት።»

«ልበላው እሞክራለሁ እኮ። አፌ ጋ ሲደርስ እማዬ ትመጣብኛለች። አፍንጫዋን ይዛ፣ ከነስኒዋ።»

ቱቦውን በጨርቅ ጠረገ። የጠራውን ደግሞ ጠረገ። «ክኒንሽንስ?»

«እውጣለሁ። እሱን እውጣለሁ፣ አባዬ።»

«እሺ።» ቱቦውን መልሶ ማጥበቅ ጀመረ። «ከእንግዲህ ግን ምስሬን መጣያ ውስጥ ጨምሪው። ማጠቢያ ላይ አትጨክኚ።»

ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እሱ ማጠቢያው ሥር እንዳለ ቀረ፤ ከጠበቀ የቆየውን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ሲያጠብቅ።

አሁን ሳህን አያመላልስም። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ቤት ይሄድና ካሮት ይቆርጣል። ምድጃው ጋ አይጠጋም፤ የወይራ ዘይቱን ጠርሙስ የምታነሳው እሷ ናት። አንዳንድ ቅዳሜ ታነሳውና መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ ያን ቀን ምስሩን በውሃ ብቻ ይቀቅሉታል። አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ጠብ ታደርግና ድስቱ ሲንሿሿ ሁለቱም ድምፁን ያዳምጣሉ። እሱ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው። ሐኪሙ ስለ ሕያው ግድግዳ፣ ስለ ጉበት፣ ስለ ምትክ ከነገረው አንድም ቃል አልረሳም። አሁን የሚሞክረው ዝም ማለትን ነው። ትይዩዋ ይቀመጣል፤ እሷ ማንኪያዋን እስክታነሳ የራሱን አያነሳም።