ቤታ ካሮቲንና የሲስተር አልማዝ ቅቤ

ዛሬ ሶዶ አቅራቢያ ባለችው ተበላ ከተማ በቅናት አረርኩ!

ስለ ብርቱካናማው ስኳር ድንች እናቶችን በጤና ጣቢያዋ አዳራሽ ላስተምር ከሶዶ ሄጄ ነበር። ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቢጫ ቀለም፣ ቤታ ካሮቲን፣ ደም ውስጥ ከስብ ጋር እንዴት እንደሚጓዝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። ሁለት እናቶች አንቀላፉ። (ማስተርሴን የሠራሁት በዚሁ ነው።)

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር አልማዝ ተነሳችና፣ "ቢጫው ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ቅባት ካላገኘ አብዛኛው ደም ውስጥ ሳይገባ ከሆድ ይወጣል። ትንሽ ቅቤ ጠብ አድርጉበት" አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

አንዲት እናት ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተስ ልጄ፣ ምን ልታስተምረን ነበር የመጣኸው?" አሉኝ።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ የሲስተር አልማዝን ንግግር ነገ ለማስተምረው ክፍል ማስታወሻዬ ላይ ገለበጥኩት፤ ስሟን ሆን ብዬ ተውኩት።

አሁን አፈርኩ። ነገ ለተማሪዎቼ ስሟን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ።

እናንተንስ በገዛ ሙያችሁ ማን አስቀንቷችሁ ያውቃል?